ሠርግሽ ላይ ስላልነበርኩ

እህት ዓለም፣

ሰላምታውን በስልክ እንጨርሰዋለን። የድምፅ መልእክትሽን አራት ጊዜ ሰማሁት። «ማንም አይቶት ለማያውቅ ነገር ጊዜ አለህ፣ ለኔ ሠርግ ግን የለህም» ያልሽው እውነት ነው። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ እንጂ ተቀይሜ አይደለም። የላክሁት ገንዘብ ደርሶሻል አይደል? እሱን ደግሞ እንደ ካሳ እንዳትቆጥሪው።

ይገርምሻል፣ ይሄ የኔ ሥራ ራሱ የተጀመረው በቀሪ ሰው ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ቱቢንገን ለተሰበሰቡ የሙያ ጓደኞቹ «የተወደዳችሁ ራዲዮአክቲቭ ክቡራትና ክቡራን» ብሎ ጻፈላቸውና ዙሪክ ላይ የዳንስ ምሽት ስላለ መምጣት አልችልም አለ። እሱ ለጭፈራ ብሎ ከሥራ ቀረ። ያንቺ ወንድም የባሰበት ነው፣ ለሥራ ብሎ ከጭፈራ ቀረ።

ደብዳቤው ግን ቀልድ አልነበረም። አንዳንድ አቶሞች ሲፈርሱ ኤሌክትሮን ይተፋሉ፤ የኃይሉን ሂሳብ ስታወራርጂው ይጎድላል። ኒልስ ቦርን የመሰለ የፊዚክስ ሊቅ እንኳ «ኃይል አይጠፋም» የሚለው ሕግ ራሱ እዚህ ጋ ላይሠራ ይችላል እስከማለት ደርሶ ነበር። ፓውሊ ግን የጎደለውን ይዞ የሄደ፣ የማይታይ ነገር አለ አለ። ኒውትሪኖ የምንለው እሱን ነው። ራይነስና ካዋን የሚባሉ ተመራማሪዎች የኒውክሌር ማብላያ አጠገብ ያገኙት በ1956 ነው። 26 ዓመት! አንቺ ያን ያህል እንዳታኮርፊኝ።

እኛ ደግሞ ክብደቱን እየፈለግን ነው። ከኤሌክትሮን ቢያንስ ሚሊዮን ጊዜ እንደሚቀል ይታወቃል፣ ስንት እንደሆነ ግን አልተገኘም። ትሪቲየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ሲፈርስ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች እንለካለን፤ የሚጠቅሙን ሙሉውን ኃይል ሊይዙ ጥቂት የቀራቸው ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ብርቅ ስለሆኑ ማሽኑ ቀን ከሌት ይሠራል፣ እኛም በተራ እንጠብቀዋለን። ያንቺ ሳምንት የኔ ተራ ነበር። መቀየር አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር፣ ከወጣሁ ላልመለስ እችል ነበር። ይሄን ለእማዬ አትንገሪያት። ተራው ነበር በያት።

አሁን ወደ እሷ። «ራዲዮአክቲቭ ነገር አዋጧት» ስትይ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዋጠችው አዮዲን 131 የሚባለው ነው፣ በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። እንቅርቱ ያለበት የአንገት እጢ፣ ታይሮይድ፣ አዮዲን ስለሚወድ ራሱ ይሰበስበዋል፤ እዚያ ሲፈርስ የሚወጣው ኤሌክትሮን ከጥቂት ሚሊሜትር ሳያልፍ ሥራውን እዚያው ይሠራል። ጋማ ጨረሩ ግን ከሰውነቷ ይወጣል፣ ሐኪሙ ለብቻሽ ተኚ፣ ልጆች አትቀፊ ያላት ለዚህ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እሱ የቆረጠላትን ቀን ትጨርስ። የልጅ ልጆቿን አምጡልኝ ብላ ብታለቅስም እንዳትሸነፊ። አንቺም ራቅ ብለሽ በሩ ላይ ቆመሽ አጫውቻት። እኔ መሆን የነበረብኝ እዚያ በር ላይ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር። እያንዳንዱ አዮዲን ሲፈርስ አንድ አንቲኒውትሪኖም፣ የኒውትሪኖ ተቃራኒ ጥንዱን፣ ያወጣል። ያን ግድግዳ አይይዘው፣ ምድርም አይይዘው። ምድርን ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥ እንኳ የሰከንድ ሃያኛ አይፈጅበትም። ስለዚህ ሰሞኑን ከእማዬ የወጣ ነገር በኔ በኩል እያለፈ ነው። ለእኛ ማሽን ይሄ አይታየውም፣ ለዚህ አልተሠራም።

የሠርጉን ቪዲዮ ላኪልኝ። እማዬ የጨፈረችበትን እንዳትቆርጪው።