ከጣና ዳር፣ ለራቀኝ ወዳጄ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት አጋማሽ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ዝምታዬን በሥራ አላመካኝም፣ ስንፍና ነው። በጅቡቲ ጠረፍ የባሕር ከፍታ መዝገብ ማሰባሰብ መጀመርህን ከእህትህ ስሰማ ግን፣ እዚህ የደረሰብኝን ሳልነግርህ መቆየት አልቻልሁም።

ዓምና የቆዩ የወንዝ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ፣ ውኃው በአንድ ክረምት መካከል አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ከዚያ ወዲህ ሳይመለስ የቀረበት ቦታ አገኘን። ድርቅ መስሎን ከዝናቡ መዝገብ ጋር ብናመሳክር የጎደለ ነገር የለም። ኋላ መለኪያውን ለዓመታት ያነበቡ አንድ አዛውንት፣ ወንዙ ውስጥ የቆመውን የቀድሞውን ባለቁጥር ሰሌዳ ጎርፍ እንደ ወሰደውና አዲሱ ሲተከል ዜሮው ከፊተኛው ከፍ ብሎ እንደ ቆመ አጫወቱን፤ ውኃው ሳይወርድ ቁጥሩ የወረደው ለዚህ ነው። ለምን እንዳልተጻፈ ስንጠይቃቸው «የጠየቀኝ አልነበረም» አሉ። ስለዚህ የመለኪያህን ዜሮ ከማይነቃነቅ ዐለት ላይ ከተቀረጸ ምልክት ጋር አስተሳስረው፤ በየዓመቱም አስለካው።

የጣና ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ባለ በር የውኃ መቆጣጠሪያው ከተሠራ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የሐይቁን ከፍታ ብቻ ይዞ ስለ አየር ንብረት የሚናገር ሰው በከፊል የሚያነበው የበሩን ከፋች ውሳኔ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ሸሽቶ ጀልባዎች ሲቆሙ፣ የዝናቡ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደራርበው ነበር። ያንተም መለኪያ ባሕሩን የሚለካው ከቆመበት ምድር አንጻር ነው፤ ምድሩ ከሰጠመ ባሕሩ የወጣ ይመስላል፣ የጅቡቲ ምድር ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ገና እየሰነጠቀው ያለ ነው። ከጎኑ የምድሩን መውጣትና መውረድ የሚለካ ጂፒኤስ ካልተተከለ ሁለቱን አትለያቸውም። የባሕር ከፍታ የሚለካው ሳተላይትም ቢሆን በሰፊው ባሕር ላይ እንጂ ጠረፉ ሥር፣ የብስ ምልክቱን ስለሚረብሸው፣ ብዙ አይታመንም።

እንግዲህ የሚቀረን ወደቡ ላይ ቆሞ የሚያነበው ሰው ነው። ክፍያው ለወራት የዘገየበት አንባቢ የሳምንቱን ቁጥር ቅዳሜ ከገበያ መልስ በአንድ ቁጭታ ይሞላዋል፤ ቀለሙ ከሰኞ እስከ እሑድ አንድ ከሆነ ጠርጥር። እኔ ብዙ ቆይቼ ነው የነቃሁት።

ስትመልስልኝ ከቁጥሮቹ በፊት የመለኪያህን ታሪክ ላክልኝ፦ መቼ ተተከለ፣ ማን አነሣው፣ ማን መለሰው።

ወዳጅህ