ሪባኑ ይቆይ፣ በጀቱ ይቅደም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ትናንሽ ከተሞች አስተዳደር የምታወጡትን ዜና ሳላሰልስ አነባለሁ። አንድ ነገር ግን ይቆጠቁጠኛል። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶግራፍ አንሺ ይላካል፤ በጀት ሲጸድቅ ግን የጋዜጠኛው ወንበር ባዶ ነው። የትኛው ቦይ እንደሚጠረግ፣ የትኛው መንገድ መብራት እንደሚያገኝ፣ ጨረታውን ማን እንዳሸነፈ የሚታወቀው እኮ በዚያ አሰልቺ ስብሰባ ነው።

በካሊፎርኒያ የምትገኘውን ትንሿን የቤል ከተማ አስታውሱ። ነዋሪዎቿ 40 ሺህ አይሞሉም፤ ብዙዎቹም ኑሯቸው ዝቅተኛ ነው። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ግን በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ይወስድ ነበር። ይህን ሎስ አንጀለስ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ያጋለጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ነው። ጉዳዩ ለዓመታት ተዳፍኖ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ስብሰባውን ቁጭ ብሎ የሚከታተል ጋዜጠኛ አለመኖሩ ነበር።

«የስብሰባው ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ተለጥፏል» የሚል መልስ መቼም አይጠፋም። ያ ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት፣ ጥጉ ተገንጥሎ፣ የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ ተደርቦበት ነው የምናገኘው፤ ያውም ስብሰባው ካለፈ በኋላ።

የምጠይቀው በየሳምንቱ ግማሽ ዓምድ ብቻ ነው፦ የሚቀጥለው ስብሰባ ቀንና አጀንዳ፣ ያለፈው ውሳኔ፣ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ። ሪባኑን ከፈለጋችሁ በገጹ ግርጌ አስቀምጡት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ