ለኤልክ አደን ደጋኑን ሳይሆን ፍላጻውን አክብዱት

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ኮሎራዶ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ በባህላዊ ደጋን ሊያድን የሚነሳ ሰው “መሳብ የቻለውን ያህል ከባድ ደጋን ይግዛ” የሚል ምክር አለ። ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና እርማት ቢወጣለት ደስ ይለናል። “ቀስት” የሚለውን ቃል አንዳንዱ ለሚገተረው፣ አንዳንዱ ለሚወረወረው ስለሚጠቀምበት እኛ የሚገተረውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እንላለን። እናቱ ጥጥ ስትነድፍ ያየ ሰው ደጋንና አውታር ምን እንደሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ስበት (ደጋኑን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት) 35 ፓውንድ ነው። ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ የሚያልፍ እንስሳ ስለሆነ በተግባር ከ45 እስከ 55 ፓውንድ ይመከራል። ከዚያ በላይ መውጣት ለብዙ ሰው ጥቅም የለውም። በብርድ ንጋት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ትከሻው የደነዘዘ አዳኝ 60 ፓውንዱን እስከ መጨረሻው አይስበውም፤ አንድ ኢንች ባጠረ ቁጥር ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ያጣል፣ ፍላጻውም ከተለማመደበት መስመር ይወጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ተንበርክካችሁ፣ ደጋኑን ወደ ሰማይ ሳታነሱ ሳቡና እስከ አምስት ቁጠሩ። እጅ ከተንቀጠቀጠ 5 ፓውንድ ቀንሱ።

ደጋኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ የተለካ ነው። 26 ኢንች ብቻ ለሚስብ ሰው “50” የተባለው ደጋን 45 ገደማ ነው። ርዝመቱም ይታሰብበት። ለ28 ኢንች ሳቢ ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ደጋን) ከሆነ 60 ወይም 62 ኢንች፣ ሎንግቦው (ረጅሙ ቀጥ ያለ ደጋን) ከሆነ ከ64 እስከ 68 ይስማማል። ካጠረ አውታሩ ጣት ይቆነጥጣል፣ አለቃቀቁም ይበላሻል። ያገለገለ ደጋን የምትገዙ ደግሞ ጫፎቹ የተጠናከሩ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ የማይለጠጥ ዘመናዊ አውታር አትሰሩበት፤ ጫፉን ይሰነጥቀዋል። ለአሮጌ ደጋን ዳክሮን የተባለው የሚለጠጥ አውታር ይበቃዋል።

ዋናው ነገር ፍላጻው ነው። ለእያንዳንዱ የደጋን ፓውንድ ፍላጻው ቢያንስ 10 ግሬን (አንድ ግራም 15.4 ግሬን ነው) ይያዝ፤ ለ50 ፓውንድ ደጋን 500 ዝቅተኛው ሲሆን ለኤልክ ከ550 እስከ 650 ይሻላል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በኢንች 9 ግሬን የሚመዝን 29 ኢንች ዘንግ 261፣ ጫፉ 200፣ ጫፉን ከዘንጉ የሚያያይዘው የናስ ማስገቢያ 50፣ ላባውና አውታሩ ላይ የሚሰካው የኋላ መሰኪያ 35 ያህል፤ ድምሩ 546። ማስገቢያውን በ100 ብትለውጡት 596 ይሆናል። ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል፣ ግን ጎድን አጥንት ሲነካ ጉልበቱ ያልቅበታል። ከባዱ ከደጋኑ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ የሚቀረው ንዝረትና ድምፅ ይቀንሳል፤ የኤልክ ጆሮ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ካርቦን ዘንግ ላይ “500” ተብሎ የሚጻፈው ክብደት አይደለም። 28 ኢንች በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሃሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት በግማሽ ኢንች ይጎብጣል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይደድራል። ለ50 ፓውንድ 400ም 500ም ሊሆን ስለሚችል ደርዘን ከመግዛታችሁ በፊት ከየዓይነቱ አንዳንድ ሞክሩ። ዘንጉን ሳትቆርጡ፣ ላባ የሌለውንና ያለውን በ15 ያርድ ወርውሩ። ለቀኝ እጅ ተኳሽ ላባ የሌለው ወደ ግራ ከሄደ ደድሯል፤ የጫፉን ክብደት ጨምሩ። ወደ ቀኝ ከሄደ ለስልሷል፤ ቀለል ያለ ጫፍ ሞክሩ፣ መጋዝ የመጨረሻው ነው፣ እሱም በሩብ ኢንች። የተቆረጠ አይመለስምና። ፍላጻው ኢላማው ላይ ጭራው ከፍ ብሎ ከተሰካ አውታሩ ላይ ያለውን የፍላጻ መሰኪያ ቦታ ምልክት ዝቅ አድርጉት ይባላል፤ ነገር ግን በጣም ዝቅ ያለ ምልክትም ፍላጻውን ከሚያርፍበት የደጋኑ መደርደሪያ ጋር እያጋጨ ያስነሳዋል። ስለዚህ ምልክቱን ከመደርደሪያው ትይዩ በግማሽ ኢንች ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩና በጥቂቱ ወደ ላይ ሂዱ። ላባው የወፍ ላባ ይሁን፣ 5 ኢንች፣ ሦስት። የፕላስቲኩ ላባ መደርደሪያውን ሲነካ አይታጠፍም።

ስለቱን በተመለከተ ሕጉ ቢያንስ ሁለት የብረት ስለት ያለውና 7/8 ኢንች ስፋት ያለው ጫፍ ይጠይቃል። ባለ ሁለት ስለት፣ የማይታጠፍ ግዙ። በምት የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈቱ የሚወስደውን ጉልበት የ50 ፓውንድ ደጋን የሚያባክነው አይደለም። የክንድ ጸጉር ካልላጨ አልተሳለም፤ ለልምምድ የተወረወረውም እንደገና ይሳል።

ርቀቱ ከ20 ያርድ አይበልጥ፤ እንስሳው ጎኑን ሲሰጥ ወይም ፊቱን ከእናንተ አዙሮ ሰያፍ ሲቆም ብቻ ይወርወር። ፊት ለፊት ሲመጣ ትከሻና ደረት አጥንት ያግደዋል፤ ቆስሎም ይጠፋል።

የኮሎራዶ የደጋን ወቅት ብዙውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30፣ በእኛ ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20 ነው። ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝ ትምህርት የምስክር ወረቀት ሳይዝ ፈቃድ አያገኝም። ደጋን የሚገዛም ሰኔን አይጠብቅ፤ የጀርባ ጡንቻ ወራት ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ አንባቢዎች