እናቴን አስደነገጣችኋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እንግሊዛዊው የሄቪ ሜታል ዘፋኝ ስለ ኦዚ ኦዝበርን ሞት ያወጣችሁትን ጽሑፍ የአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ ሳላየው እናቴ ቀድማ አንብባው ኖሮ ከሽሮ ሜዳ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ እዚያ ሰው አገር ተቀምጠህ የምትጽፈው ስለ ሰይጣን አምላኪዎች ነው እንዴ?» አገር ቤት የገባሁ ዕለት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወስዳ ሰባት ቀን ልታስጠምቀኝ ቆርጣለች። መጠመቁን እጠመቃለሁ፤ ከጸበል ለማምለጥ አይደለም የምጽፈው። ጽሑፋችሁ ግን ሰውየውንም ሙዚቃውንም ስቷል።

የኦዚ የትውልድ ከተማ ወደሆነችው እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ የዕቃ መጋዘን እሠራለሁ፣ በዕረፍቴ ቀን ደግሞ ስለ ሄቪ ሜታል፣ ማለትም ጊታሩ ስለሚያጓራው ከባድ የሮክ ሙዚቃ፣ በፍሪላንስ እጽፋለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ዲግቤዝ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክበብ ገብቼ፣ ጆሮዬን በስፖንጅ ወትፌ አራት ባንድ አዳምጣለሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠኝ በእግሬ እገባለሁ፤ ጠዋት ስድስት መቶ ቃል እልካለሁ። አንዱ መጽሔት ሒሳቤን የከፈለኝ የክፍያ መጠየቂያ ሦስቴ ልኬ፣ በአራተኛ ወሩ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ነገም ሥራ እፈልግበታለሁ።

ጸሐፊያችሁ ይህ ሙዚቃ ከጥንቆላ ማኅበር እንደተወለደ ነግሮናል። እኔ የማውቀው የተወለደበት ቤት ላሜራ ፋብሪካ ነው። ኦዚ የዘፈነበት ባንድ፣ የብላክ ሳባዝ፣ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ላሜራ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። ሰውየው ግራኝ ነውና የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነው። ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ እንደ ቆብ ቀረጸና ጣቶቹ ላይ ሰካው። ክሩ እንዳያንሸራትተው ደግሞ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ቀጫጭን ክር ፈልጎ አሰረ፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ክሩን ለጣቱ እንዲቀለው አላላው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይወፍራል። ጸሐፊያችሁን ያስበረገገው ጉርምርምታ ከዚያም የመጣ ነው።

ኦዚም የአስተን ሰፈር የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። ቄራ ሠርቷል፣ ሰርቆም ታስሯል። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን መስቀል ከአሉሚኒየም የሠራላቸው የእሱ አባት ነው። ግጥሙን በአብዛኛው ይጽፍ የነበረው የባስ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር የካቶሊክ ቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሁለተኛው አልበማቸው መክፈቻ ዘፈን ላይ ሰይጣን አለ፣ አልክድም። የድሃ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ የሚነዱ ሰዎች በፍርድ ቀን ተንበርክከው ምሕረት ሲለምኑ ሰይጣኑ ይስቅባቸዋል። ይህን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ትዝ ይሉኛል።

ጽሑፋችሁ እንዳነሳው ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉ፣ ሌሎችም መከተላቸው እውነት ነው። የብላክ ሜታል፣ ማለትም የሄቪ ሜታል አንድ ዘርፍ፣ ልጆች ታስረውበታል። እሱን ጻፉት፣ ራሱን የቻለ ገጽ ይገባዋል፤ የኦዚ ለቅሶ ላይ ግን ምን አመጣው?

ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ኦዚ እዚሁ በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻውን ኮንሰርት ሲያቀርብ የፕሬስ ባጅ አላገኘሁም፣ ትኬቱም ከአቅሜ በላይ ነበር። ውጭ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው፤ ገቢውም ለፓርኪንሰን ምርምርና ለሕፃናት ሕክምና ነበር። አጠገቤ ስድሳን የዘለለ ሰውዬ፣ ቲሸርቱ ከመታጠብ ብዛት ግራጫ የሆነ፣ ሳንድዊቹን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጠኝና ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። በ17ኛው ቀን፣ ሐምሌ 15፣ ኦዚ ሞተ። ሐምሌ 23 አስከሬኑ በብሮድ ጎዳና ሲያልፍ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ሄድኩ። ሕዝቡ አበባ ይወረውራል፣ ስሙን ይጠራል። ለቅሶ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና እውነተኛ ሐዘን አይጠፋኝም።

ሌላ ጊዜ ስለዚህ ሙዚቃ ስትጽፉ ለእኔ ባትደውሉ እንኳ አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው ጠይቁ። ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት ደግሞ ፊደሉ እንዳያንስ አደራ። እናቴ ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትገዛለች፤ የመነጽሯ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፣ አዲሱን ገና አልላክሁላትም።

አክባሪያችሁ
ከበርሚንግሃም