የ«ብላክ ፓንተር» ሂስ አልተዋጠልኝም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሐያሲያችሁ «ብላክ ፓንተር» የተሰኘውን የልዕለ ጀግና ፊልም ድብድብ ብቻ፣ የጀግናውን ባላንጣ ኪልሞንገርንም ተራ ክፉ ሰው አድርገው ማየታቸው ገርሞኛል። በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ መጨረሻ ላይ ባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ያለው ፍልሚያ የኮምፒውተር ጌም ይመስላል።

ግን ኪልሞንገርስ? ለንደን ሙዚየም ውስጥ ቆሞ፣ አያቶቻችሁ እነዚህን ቅርሶች በምን አገኟቸው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የጫኑትን ለምናስታውስ ለእኛ ተራ ክፉ ሰው ነው?

ሙዚቃውስ! የሙዚቃው ደራሲ ሉድቪግ ዮራንሰን ሴኔጋል ድረስ ሄዶ ነው የሠራው። የፊልሙ ጀግና ንጉሡ ሲመጣ ከበሮ፣ ኪልሞንገር ሲመጣ የምዕራብ አፍሪካዎቹ የፉላ ሕዝቦች ዋሽንት። እኔማ ዋሽንቱን ስሰማ ፀጉሬ ቆሟል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሙዚቃው፣ ለአልባሳቱና ለትዕይንት ንድፉ 3 ኦስካር ወስዷል። ሐያሲው ግን ስለ አልባሳቱ አንድ መስመር አልጻፉም። ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገው ሽማግሌ የኛን ሙርሲዎች አላስታወሳቸውም?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ