የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ቲቸር፣ የወጓት ምንድን ነው?»

በጥቅምት ወር ክበቡን ስንከፍት 31 ተማሪዎች ተመዝግበው ነበር። ዕቅዳችን እንደ አምናው ሳሙና መሥራትና የፀሐይ ምድጃ መገጣጠም ነበር። ሳሙናው ተሠርቷል፣ ተሽጧል፤ ምድጃው ግን ካርቶኑ ዝናብ መትቶት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

እናቷ ራስ ምታት ጠንቶባቸው ከየካ አባዶ መሃል ከተማ ወርደው ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ተነስተዋል። መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ከዚያ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተወግተው ሌላ ዙር። «ቲቸር፣ እናቴን የወጓት ምንድን ነው? ሰፈር ውስጥ ቀለም ነው ይላሉ» አለችኝ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ስለ ማግኔቱ ላወራ እችል ነበር፣ ስለ መርፌው ግን ምንም አልነበረኝም። «አንብቤ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ቀለም አይደለም። በአብዛኛው ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ሐኪሞቹ ኮንትራስት ይሉታል። ኤምአርአይ የሚያነበው በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን ፕሮቶን ነው። ፕሮቶኑ በሬዲዮ ሞገድ ተገፍቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ጊዜ ይወስዳል። ጋዶሊኒየም ሰባት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት አጠገቡ ያለው የውኃ ፕሮቶን ወደ ቦታው የሚመለስበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ ያ ቦታ በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርተናል። ልጆቹ በጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ «መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ገብቶ በሽታን ፈልጎ ያበራል» ብለው አነበቡ። ጽሑፉን አስቀድሜ አይቼ አሳልፌዋለሁና ጥፋቱ የእኔ ነው። ምንም አይፈልግም። የጤነኛ አንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ ፈሳሹ ከደም ሥሩ ሳይወጣ ያልፋል። ዕጢ፣ ኢንፌክሽን ወይም በዚያ ሰዓት የሚነድ የመልቲፕል ስክለሮሲስ (አንጎልንና ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ቁስል ግድግዳውን ሲያፈርሰው ግን ይፈስሳል። ነጩ ቦታ የፈረሰ አጥር ነው። በማግስቱ ሰልፍ ላይ አረምን።

ከዚያ የኮንትራስት ዓይነቶችን ማወዳደሩ መጣ። ጋዶሊኒየም ብቻውን መርዝ ስለሆነ በሌላ ሞለኪውል ታስሮ ነው የሚሰጠው። አስተሳሰሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሜዳ ላይ በጨዋታ አሳየናቸው። መሃል ላይ ኳስ የያዘ ልጅ፣ ዙሪያውን ሌሎቹ። በመጀመሪያው ዙር ልጆቹ ጫፍና ጫፉ ያልተያያዘ ሰልፍ ሆነው ተጠመጠሙበት፤ በሁለተኛው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ሠሩ። ኳሱን ከሰልፉ ለመንጠቅ ብዙም አልፈጀም። ከቀለበቱ ለመንጠቅ ሸሚዝ ተቀደደ (ወላጅም መጥቶ አነጋግሮኛል)።

እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ማግኔቪስት የተባለው ኮንትራስት ከሰልፉ ወገን ነው፤ ዶታሬምና ጋዶቪስት ከቀለበቱ። ልዩነቱ የጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓ ሐኪሞች ኩላሊታቸው ክፉኛ በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያደነድን በሽታ ከጋዶሊኒየም ጋር አያያዙ፤ በብዛት የታየው በሰልፉ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ደጋግመው የተወጉ ሰዎች አንጎል ውስጥ ቅሪት መኖሩን የሚጠቁም ምልክት አሳዩ። ቅሪቱ ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አብዛኞቹን የሰልፍ ዓይነቶች ከአገልግሎት እንዲታገዱ አደረገ።

የመጠኑ ስሌት ደግሞ እኔን አሳፈረኝ። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊሞል። ሰሌዳው ላይ ለዶታሬምም ለጋዶቪስትም 12 ሚሊ ሊትር ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማነው ልጅ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ ጋዶቪስት እኮ እጥፍ የተጠነከረ ነው፤ 6 ነው»። ልክ ነው፤ የአንዱ ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊሞል ሲይዝ የሌላው 1 ይይዛል። ልጁ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈቀደውን ጋዶፒክሌኖል የተባለ ኮንትራስት አምጥቶ እሱም 6 ሚሊ ሊትር እንደሚሆን፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው ጋዶሊኒየም የሌሎቹ ግማሽ እንደሆነ አሳየን። ሞለኪውሉ እንደ ሌሎቹ አንድ የውኃ ሞለኪውል ሳይሆን ሁለት በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ግማሹ ይበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ጠመኔውን ለእሱ ሰጠሁት።

ሌላው ክርክር ፌሩሞክሲቶል ላይ ነበር። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት (አይረን) መድኃኒት ሲሆን አንዳንድ ሐኪሞች ጋዶሊኒየም ለማይሆንላቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ይጠቀሙበታል። ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ዕጢ ላይ ጎልቶ የሚታየው በማግስቱ ገደማ ነው፤ ከባድ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል። «ሁለት ቀን ታክሲ ማን ይከፍላል?» ያለችው ልጅ ክርክሩን አሸነፈች።

በሚያዝያ የአንድ ተማሪ አክስት የሆኑ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት መጥተው ኮንትራስቶቹን ያወዳደርንበትን ሠንጠረዥ አዩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለን ነበር የደረደርነው። «ደረጃውን አጥፉት» አሉ፤ «እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ኩላሊትን ነው፤ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳላይ የትኛውም አንደኛ አይሆንም»። ልጆቹ ቅር እያላቸው አጠፉት።

በወላጆች ቀን የዚያች ተማሪ እናት ሠንጠረዡ ፊት ቆመው «የእኔ የትኛው ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ የውጤት ወረቀቱን ከቦርሳቸው አውጥታ አነበበች። «ከኮንትራስት በኋላ» ይላል እንጂ ስሙ አልተጻፈም። ለ2018 በከፈትነው ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥያቄውን በእጇ ጽፋዋለች።