ሰርቨር ከመገዛቱ በፊት ጥሪው ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ገጽ በዘገየ ቁጥር «ኔትወርክ ነው» ይባላል፤ ቀጥሎ ተጨማሪ ሰርቨር ይገዛል። በኢንተርፕራይዝ ጃቫ በተሠሩ ሥርዓቶች ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ዌቡ ከኢጄቢው (ሰርቨር ላይ ዋናውን ሥራ ከሚያከናውነው የጃቫ ክፍል) ጋር በሚነጋገርበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አንድ ገጽ ሲከፈት ስንት የርቀት ጥሪ (በኔትወርክ ለኢጄቢው የሚቀርብ ጥያቄ) እንደሚደረግ ይቆጠር።

የባንክ ሂሳብ ገጽን እንውሰድ። ጄኤስፒው (ገጹን የሚጽፈው ፋይል) የደንበኛውን ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ ቀሪውን፣ ቅርንጫፉንና የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ቀን ከኢንቲቲ ቢን (የዳታቤዝ መዝገብን ከሚወክለው የኢጄቢ ዓይነት) በቀጥታ ቢጠይቅ 5 ጥሪ ነው። ኢጄቢው ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ጥሪ በኔትወርክ ደርሶ መመለስ አለበት። አንዱ 4 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 50 ሂሳብ የሚዘረዝር ገጽ በ250 ጥሪ አንድ ሙሉ ሰከንድ ያባክናል። ከመዘግየቱ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ጥሪዎቹን የሚያቅፍ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ከሌለ እያንዳንዱ ጥሪ በየራሱ ትራንዛክሽን ይሠራል። ቀሪው ከተነበበ በኋላ፣ ቀኑ ከመነበቡ በፊት ገንዘብ ቢወጣ፣ ደንበኛው የድሮውን ቀሪ ከአዲሱ ቀን ጋር ያያል። እንዲህ ያለ ሂሳብ ዳታቤዙ ውስጥ ለአፍታም አልነበረም! ኢጄቢ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2001 ያመጣው ሎካል ኢንተርፌስ (እዚያው ያለ ኢጄቢ ያለ ኔትወርክ የሚጠራበት መንገድ) የኔትወርኩን ወጪ ያስቀራል፤ ይህን ስህተት ግን አያስቀርም።

ሁለቱንም የሚፈታው ኮማንድ ቢን ነው። ተራ የጃቫ ክላስ ነው፦ ግብዓት በሴተር ይገባለታል፣ ሥራው «ኤክስኪዩት» በሚባል አንድ ሜተድ (ክላሱ ውስጥ በስም የሚጠራ ተግባር) ይከናወናል፣ ውጤቱ በጌተር ይወሰዳል። ሰርቭሌቱ (የብራውዘሩን ጥያቄ፣ ማለትም ሪኩዌስቱን የሚቀበለው ክፍል) ኮማንዱን ይፈጥራል፣ የሂሳብ ቁጥሩን ይሰጠዋል፣ ኤክስኪዩትን ይጠራል፣ ከዚያ ሪኩዌስቱ ላይ አስቀምጦ ለጄኤስፒው ያስተላልፈዋል። ኤክስኪዩት ውስጥ የሚጠራው አንድ የሴሽን ቢን (ሥራን የሚያከናውን የኢጄቢ ዓይነት) ሜተድ ብቻ ይሁን፤ እሱም አምስቱን መረጃ በአንድ ትራንዛክሽን አንብቦ ባንድ ላይ ጠቅልሎ ይመልስ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጌተሩ ላይ ነው። «ሲጠየቅ ያመጣል» ብለው የኢጄቢ ጥሪውን እዚያ ውስጥ ይደብቁታል። ጄኤስፒ ሲጽፍ በተለምዶ 8 ኪሎባይት ያህል ያጠራቅምና ወደ ብራውዘሩ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ጥሪው ቢከሽፍ ወደ ስህተት ገጽ መዞር አይቻልም፤ ደንበኛው ግማሽ ሠንጠረዥ ታቅፎ ይቀራል። ጌተር የተዘጋጀ ዋጋ ብቻ ይመልስ፤ ኤክስኪዩት ሳይደረግ ከተጠራም ባዶ ከመመለስ ይልቅ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወርውር።

ኮማንዱን የሰርቭሌቱ ፊልድ (ሁሉም ሪኩዌስቶች የሚጋሩት ማስቀመጫ) ማድረግ ደግሞ ፍጹም መፈቀድ የሌለበት ነው። አንዱ ሰርቭሌት በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ስለሚያስተናግድ የአንዱ ደንበኛ ቀሪ ሂሳብ ለሌላው ይታያል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው ደህና ይመስላል፤ የሚፈነዳው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት አዲስ ኮማንድ ይፈጠር።

ገንዘብ በሚያዛውር ኮማንድ ላይ ማውጣቱና ማስገባቱ ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች ከሆኑ፣ ሁለተኛው ሲከሽፍ የመጀመሪያው ጸንቶ ይቀራል። ሁለቱም ሴሽን ቢኑ ውስጥ በአንድ ሜተድ ይሁኑ። እዚህም ወጥመድ አለ፦ የራሳችሁን ቼክድ ኤክሴፕሽን (ጠሪው እንዲይዘው ጃቫ የሚያስገድደውን ዓይነት) መወርወር ብቻውን ትራንዛክሽኑን ወደ ኋላ አይመልሰውም። ከመወርወሩ በፊት «ሴት ሮልባክ ኦንሊ» (ትራንዛክሽኑ እንዲሰረዝ፣ ማለትም ሮልባክ እንዲሆን የሚያደርገው ሜተድ) መጠራት አለበት፤ በኢጄቢ 3 ደግሞ ኤክሴፕሽኑ ላይ ሮልባክ እንዲያደርግ በአኖቴሽን (ኮዱ ላይ በሚጻፍ ምልክት) ማመልከት ይቻላል።

የጄኤንዲአይ (ኢጄቢው በስሙ የሚፈለግበት አገልግሎት) እና የርቀት ጥሪ ኤክሴፕሽኖችን ኮማንዱ ተቀብሎ ወደ አንድ የራሱ ኤክሴፕሽን ይለውጣቸው፤ ዋናው መንስኤ ግን ውስጡ ይቀመጥ። መንስኤው ከተጣለ ሎጉ (የሥርዓቱ ክስተት መዝገብ) ላይ የሚቀረው «አልተሳካም» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ሌሊት ተጠርቶ ለሚመጣው ባለሙያ ደግሞ ይህ ምንም አይነግረውም።

ገጹን የሚነድፈው ሰው ኢጄቢው እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ኮማንዱን ወርሶ ኤክስኪዩት ላይ ቋሚ ዋጋ የሚሞላ ክላስ ይሰጠው፤ ጄኤስፒው ልዩነቱን አያውቅም። እዚያው ላይ ቀሪው ዜሮ የሆነ፣ ስሙ በጣም የረዘመና ምንም እንቅስቃሴ የሌለው ሂሳብ ይሞከር።

ከአክብሮት ጋር
የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ